የክረምት የልጆች የበዓል ጽሑፍ ፕሮግራም ደብረ ብርሃን፦ ላኩ፣ ግን እነዚህን ነገሮች እወቁ

ደብረ ብርሃን ላይ ክረምት ሲመጣ ልጅ ምን ይስራ የሚለው ነገር ለብዙ ወላጅ ራስ ምታት ነው። ወይ የሚቀጥለውን ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ ቱቶሪያል ታስገቡታላችሁ ወይ ስልክ ይዞ ብርድ ልብስ ውስጥ ሲገላበጥ ይውላል፣ ውጪ ልውጣ ቢልም ዝናቡና ጭቃው አያስወጣውም። እኔ ባለፈው ክረምት ሁለቱንም ልጆቼን የላኩት ሌላ ቦታ ነው፣ ልጆች በበዓላት ዙሪያ ግጥምና ታሪክ እንዲጽፉ የሚያደርግ ፕሮግራም አለ፣ ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ይሰራና ከዛ ለገና ደሞ ታህሳስ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀጥላል። ታፔላም ስምም የለውም፣ ጥቂት ወጣት መምህራንና አንዲት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ተሰባስበው በተከራዩት አዳራሽ የሚሰሩት ነው። ትንሿ 3ኛ ክፍል የጨረሰች ናት ትልቁ 9ኛ፣ ስለዚህ የሁለቱንም እድሜ አይቻለሁ ማለት እችላለሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ያው ነው፣ ላኩ። ግን ሁሉም ነገሩ እኩል ጥሩ አይደለም። ልጆቹ በአፋቸው ከሚያውቁት ነገር ሲነሱ፣ ከሆያ ሆዬው፣ ከእንቆቅልሹ፣ ከምርቃቱ፣ ከገበያው ሲነሱ የሚጽፉት ጽሑፍ እኔ በትምህርት ቤት ደብተራቸው ላይ አይቼው የማላውቀው አይነት ነው። ከኢንተርኔት በወረደ ወረቀት ሲጀምሩ ግን ያው የትምህርት ቤቱ አይነት ደረቅ ነገር ይመጣል። ይሄን በደንብ ላስረዳ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ እነሱ ግን ቀደም ብለው ነው የሚጀምሩት። መጀመሪያ ልጆቹን ሆያ ሆዬ በሉ አሏቸው፣ አንዱ አውራጅ ሌላው ተቀባይ ሆኖ፣ ወንዶቹም ሴቶቹም። ያው አሁን አሁን ልጆች በየበሩ ሁለት ሶስት ስንኝ በጥድፊያ ብለው ብር ተቀብለው ወደሚቀጥለው ቤት ነው የሚሮጡት፣ አብዛኞቹ ከዛ በላይ አያውቁም ነበር። መምህርቷ (ልጆቹ እትዬ ነው የሚሏቸው) ይሄን ሲያዩ የድሮውን እያስሸመደዱ ጊዜ አላጠፉም፣ በቀጥታ አጨብጭቡ ነው ያሉት። የአማርኛ ግጥም ልኬት አለው፣ ቡሄ በሉ ቤት የሚባለው እያንዳንዱ ሐረግ አራት ቀለም ነው (ቀለም ማለት አንዴ የሚጨበጨብለት ድምጽ ነው)፣ አራት እና አራት፣ ሁለቱ ሐረግ ተደምሮ አንድ ስንኝ ስምንት ይሆናል። ይሄን እኔ ሃይስኩል ነው የተማርኩት፣ ያኔም ለፈተና ሸምድጄ ነው ያለፍኩት፣ ልጄ ግን በ3ኛ ክፍል በእጇ አጨብጭባ ገባት። ለምሳሌ ሰፈር የሚለው ሲጻፍ ሶስት ፊደል ነው ሲጨበጨብ ግን ሁለት ነው፣ ር ከፈ ጋር ትዋጣለች፣ ልጆቹ ይሄን ያገኙ ቀን የሁሉንም ሰው ስም እያጨበጨቡ ነው የዋሉት፣ እቤትም መጥታ የአባቷን የእኔን የጎረቤቱን የውሻውን ስም ሁሉ አጨበጨበችልን።

ከዛ በኋላ ነው ጻፉ የተባሉት። ትእዛዙም ስለ ቡሄ ጻፉ አይደለም፣ የምታንኳኩት በር የማን እንደሆነ ምረጡና ለዛ ሰው ግጠሙ ነው። ሆያ ሆዬ ድሮም እኮ እንደዛ ነበር፣ የቤቱን ጌታ በስሙ አወድሶ የቤቱን እመቤት በሙያዋ ጠርቶ ነው ሙልሙሉን የሚቀበለው። አንድ ልጅ ለቀበሌ ሊቀመንበሩ ገጠመ፣ እንዲህ ብሎ፦

የኛ ሰፈር ጭቃው በዛ
ጫማ በላ እንደ ዋዛ

ቁጠሩት፣ አራት አራት ነው፣ ቤቱም መቷል። የ10 አመት ልጅ ነው። ከዛ የቀጠለው ደሞ ሊቀመንበሩን መንገድ ያሰራልን ብሎ የሚመርቅ ነበር፣ ሰውየው ፊት ቀርበው ሲሉት ተቀባዮቹ ሆ ሲሉ ሳቁ አላስቆም አላቸው፣ ሙልሙል ባይኖራቸውም ብር ሰጥተው ሸኟቸው። ይሄ ነገር ለልጆቹ ያስተማራቸው ብዙ ነው፣ የጻፍከው ነገር የሚሰማው ሰው አለ፣ ያ ሰው ፊቱ ይለዋወጣል፣ ሊስቅ ሊቆጣ ይችላል። ትምህርት ቤት ላይ ልጅ የሚጽፈው ለአስተማሪ ማርክ ነው፣ ሌላ አንባቢ የለውም።

ምርቃቱም እንደዚሁ ነው። የሆያ ሆዬ መጨረሻ ምርቃት ስለሆነ እያንዳንዱ ልጅ ለአንድ የሰፈር ሰው ለሱ ብቻ የሚሆን ምርቃት ይጻፍ ተባለ፣ ለሌላ ሰው ቢባል የማይሰራ። የኔዋ ለወፍጮ ቤቱ ጋሼ ጻፈች፣ መብራት አይጥፋብዎት፣ ወረፋው ይብዛልዎት፣ ዱቄቱ ከአይንዎ ይራቅ። በቃ ይሄው ነው። እሳቸው ወረቀቱን ወስደው ሚዛኑ ላይ ለጥፈውታል።

አንድ በጣም የወደድኩት ህግ አላቸው፣ የተከለከሉ ቃላት። ደስ ይላል ማለት አይቻልም፣ በድምቀት ተከበረ አይቻልም፣ በደማቅ ሁኔታም አይቻልም፣ ቤተሰብ ሁሉ ተሰባስቦ የሚለውም ተከልክሏል። እነዚህን ቃላት ልጆቹ ከቲቪ ዜና ነው ለቅመው የሚያመጧቸው፣ የትኛውንም ልጅ ስለ በዓል ጻፍ ብትሉት የመጀመሪያው አረፍተ ነገር እንቁጣጣሽ በድምቀት ይከበራል ነው። ሲከለከሉ መጀመሪያ ብዕራቸውን ይዘው ዝም አሉ፣ አንዳንዱ ምን ቀረን ታዲያ ብሎ ተናደደ፣ ከዛ ግን ቀስ እያለ ሌላ ነገር መምጣት ጀመረ፣ ቄጠማው ሲረገጥ የሚሸተው፣ ጌሾው ሲወቀጥ የሚያስነጥሰው፣ እናት ሽንኩርት ስትከትፍ እያለቀሰች ነው ብሎ የሚያስበው ትንሽ ወንድም። ደስታውን ሳይጠሩት ደስታው እዛው ውስጥ አለ፣ ይሄን ሳነብ እኔም ተገርሜያለሁ።

እንቁጣጣሽ ላይ ለትናንሾቹ የአበባ ስዕሉ ነው የተያዘው። ወንዶች ልጆች መስከረም 1 ጠዋት ይዘውት የሚዞሩትን ስዕል ታውቁታላችሁ፣ ድሮ በእጅ ነበር አሁን የታተመ ነው የሚገዛው። እዚህ ራሳቸው እንዲስሉ ሆነና ከስዕሉ ጀርባ አራት ስንኝ እንዲጽፉ፣ ለማን እንደሚሰጡት አስቀድመው ወስነው። ሴቶቹ ደሞ አበባየሆሽን እንደ ቡሄው አዲስ ስንኝ ጨመሩበት፣ ተቀባዩ ለምለም ስለሚል አውራጇ የፈለገችውን ብታስገባ ይሄዳል፣ ለልጅ በጣም ቀላል ቅርጽ ነው፣ ግማሹ ስራ አስቀድሞ ተሰርቶላታል።

ከሁሉም ግን የጳጉሜን ደብዳቤውን አልረሳውም። ለጳጉሜን ደብዳቤ ጻፉላት አሏቸው፣ እንደ ሰው ቆጥራችሁ። አንዷ ለምንድነው 5 ቀን ብቻ የምትቆዪው ሻይ እንኳን ሳትጠጪ ብላ ጠየቀቻት፣ ሌላው ደሞ በ4 አመት አንዴ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ እንደሆነ ከአያቱ ሰምቶ ሉቃስን ለምን አስበልጠሽ ትወጃለሽ ማቴዎስና ማርቆስ ቅር አይላቸውም ወይ አለ። የሩፋኤል ለት ጳጉሜን 3 ዝናብ ሲመጣ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ጠበል ነው ብለው የሚወጡትን ደሞ ብዙዎቹ ጽፈውታል፣ በደብረ ብርሃን ብርድ! አንዱ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ዘፈን መሰለ ብሎ ጽፏል። እንዲህ አይነት ነገር ከልጅ እንዴት ይወጣል ብላችሁ ከሆነ ማንም ያልጠየቃቸውን ጥያቄ ስለጠየቋቸው ነው።

ወደ ትልልቆቹ ስመጣ፣ ከ13 እስከ 17 ያሉት ለብቻ ነው የሚማሩት። የኔው ልጅ ጽሑፍ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር ነው፣ መጀመሪያ ሳምንት አልሄድም ብሎ አስቸግሮን ነበር። ያሸነፉት በገበያ ነው። በዓሉ ሲቃረብ ዶሮ ተራ ሄዳችሁ ሻጭና ገዢ ሲከራከሩ ስሙ፣ የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ፣ ማብራሪያ አትጨምሩ ተባሉ። ስልክ ላይ ኖት ከፍቶ እየሰማ ጻፈ፣ ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ። ይዞት የመጣው እንዲህ ይላል፦

ይሄ ዶሮ ነው እርግብ?
እማማ ያንሱትና ይመዝኑት እንጂ።
አንስቼው እኮ ነው የምልህ።

ከዛ አሰልጣኙ ወጣት እሺ አሁን ሴትየዋ ያልተናገሩት ምንድነው ብሎ ጠየቀው። ልጄ አሰበ አሰበና ብሩ እንደማይበቃቸው ነው አለ፣ ያልተናገሩትን ሳትጽፈው አሳየኝ ተባለ፣ መጨረሻ ላይ ሴትየዋ እንቁላል ብቻ ገዝተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሲሄዱ ጻፈው። ስለ ድህነት አንድ ቃል የለም። እኔ እናቱ ነኝና አዳላሁ በሉ ግን አባቱም አንብቦ ዝም ነው ያለው፣ አባቱ ደሞ እንዲህ በቀላሉ ዝም የሚል ሰው አይደለም።

ለትልልቆቹ የግጥም ልኬቱም ከፍ ይላል፣ የወል ቤት ነው የሚሰጧቸው፣ ስድስት ስድስት። አንዲት ልጅ ወንድሟ አረብ አገር ያለ ናት፣ በሷ ፈቃድ መጨረሻው ጥራዝ ላይ ከወጣው ግጥሟ ሁለቱን ስንኝ ልጻፍላችሁ፦

እንቁጣጣሽ መጣ ወንድሜ ግን ቀረ
የላከው ቀይ ሹራብ ሳጥን ውስጥ አደረ

ይሄን ስታነብ አዳራሹ ውስጥ የነበርን ወላጆች ብዙዎቻችን እንባ መጥቶብናል። ሰሜን ሸዋ ላይ እንዲህ አይነት ሰው የጎደለበት በዓል የማያውቅ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ልጆቹን ጸሐፊ የሚባለው ነገር አዲስ አበባ ብቻ ያለ እንዳይመስላቸው ደሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መርሐቤቴ፣ ከበደ ሚካኤል መንዝ እንደተወለዱ ነግረዋቸዋል፣ ከጫጫ በሚኒባስ የሚመላለሱት ልጆች በተለይ ይሄን ሰምተው በጣም ነው የተነቃቁት፣ ከኛ ገጠርም ይወጣል ማለት ነው ብለው።

አሁን ወደማልወደው ልምጣ። አንደኛውና ለኔ ከባዱ፣ ከትእዛዞቹ አንዱ በዓል በቤታችን የሚል ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ስንት ተፈናቃይ ቤተሰብ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከነሱም ልጆች በነጻ ገብተው ይማሩ ነበር፣ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው አመሰግናቸዋለሁ። ግን ቤታችን የሚለውን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት አንድ ልጅ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ፣ ልጄ ናት የነገረችኝ። በኋላ እትዬ ተከትለውት ወጥተው የፈለግከውን በዓል የትም የሆነውን ጻፍ ብለውታል፣ ጽፏል አሉ። እንደዛ ከመሆኑ በፊት ግን ማሰብ ነበረባቸው፣ የማስታውሰው በዓል ቢሉት ሁሉንም ልጅ ይይዝ ነበር። ለአስተባባሪዎቹ በግል ነግሬያቸዋለሁ፣ በደንብ ነው የተቀበሉኝ።

ሁለተኛው ገና ነው። የታህሳሱ ፕሮግራም ላይ እትዬ መጀመሪያ ሳምንታት ላይ አልነበሩምና ወጣቶቹ ከኢንተርኔት አውርደው ኮፒ ያደረጉትን ወረቀት ነው የሰጡት፣ ባዶ ቦታ ሙላ አይነት፣ በረዶ ሰው፣ ቀይ የለበሱ ሽማግሌ፣ ለገና አባት ደብዳቤ ጻፍ። ትንሿ ልጄ ሁለት መስመር ጽፋ መጣች፣ ያቺ የጳጉሜኗ ልጅ። እንዴ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ታህሳስ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲያድር እያየ፣ የውጪ ባልዲ ውሃ ላይ ስስ በረዶ እየሰበረ ነው የሚያድገው፣ ስለ ብርድ ለመጻፍ የሌላ አገር ስዕል ምን ያደርግለታል! ለታህሳስ 29 ስንት ነገር እያለን። የገና ጨዋታው ብቻ በቂ ነው፣ ሩሩ ተመትቶ ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም የሚያበሽቅበት ልማድ አለ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የተባለውም ለዚህ ነው። ለ15 አመት ልጅ ከዚህ የተሻለ የግጥም ትእዛዝ ከየት ይመጣል፣ ሁለት ቡድን ከፍሎ ተበሻሸቁ በስንኝ ማለት ነው፣ ሳይሰዳደቡ ሰውን ማሸነፍ ይማሩበታል።

እትዬ ሲመለሱ ወረቀቱን ተዉትና ዶሮ ወጡን አመጡላቸው። ዶሮ 12 ብልት ነው፣ እያንዳንዱን ብልት ለማን እንደምትሰጡና ለምን እንደሆነ ጻፉ፣ ፈረሰኛውን ጨምሮ። ከዛ በኋላ ነው ነገሩ የተነሳው። የኔዋ ፈረሰኛውን ለአባቷ ሳይሆን ለሊት ተነስታ ሽንኩርት ለምታቁላላው ለአክስቷ ሰጠች፣ ምክንያቱን አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈች፣ አባቷ አሁን ድረስ ይግባኝ እያለ ነው።

ሶስተኛው ቀይ ብዕር። ከወጣቶቹ አንዱ የ8 አመት ልጅ ደብተር ላይ ሀ እና ሐ ተሳሳትክ ሰ እና ሠ ተሳሳትክ እያለ ወረቀቱን ደም አስመስሎት አይቻለሁ። ፊደል ይታረም፣ አልቃወምም፣ ግን መጀመሪያ ልጁ የጻፈው ይነበብለት፣ እርማቱ ጥራዙ ሲዘጋጅ ይደርሳል። ያ ልጅ ከዛ በኋላ የሚያውቃቸውን አጫጭር ቃላት ብቻ እየመረጠ መጻፍ ጀመረ፣ ስህተት ፈርቶ፣ ይሄ ያሳዝናል። ከገጠር የመጡት ልጆች አነጋገርም ወደ መጽሐፍ አማርኛ ሲስተካከል አየሁ፣ በተለይ ሰው ሲናገር በሚጻፍበት ቦታ ላይ ያ መነካት የለበትም ባይ ነኝ፣ አያትየው እንደሚናገሩት ካልተጻፈ አያትየው አይደሉም።

አዳራሹ ጥሩ ነው አልልም። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ፣ በረዶ ሲቀላቀልበትማ፣ ልጅ ቆሞ ሲያነብ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። ንባቡን ጠዋት ላይ ቢያደርጉት ይሻላል፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰአት ነው። ብርዱም ቀላል አይደለም፣ ከተማችን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2800 ሜትር ላይ ናት፣ የትናንሾቹ ጣት ደርቆ ብዕር መያዝ ያቅታቸዋል። ሻይና ቆሎ ይሰጣሉ፣ ነሐሴ ፍልሰታ ስለሆነም ለጿሚ ልጆች ይመቻል።

ክፍያው ለቱቶሪያል በወር ከምንከፍለው ያነሰ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ። መጨረሻ ላይ የሁሉም ልጅ አንድ አንድ ጽሑፍ ያለበት በኮፒ የተባዛ ጥራዝ ይሰጣችኋል፣ ሽፋኑ ደካማ ነው ስቴፕለሩም ይለቃል፣ እኔ ማስያዣ ቤት ወስጄ በጥቂት ብር አስጠርዤዋለሁ፣ እናንተም አስጠርዙት።

ራቅ ያላችሁ፣ ደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት መሐል ሜዳ ያላችሁ እዚህ መላክ አይመቻችሁም፣ ግን አብዛኛው ነገር እቤት ይሰራል። በዓል ዋዜማ ቡና ሲፈላ ልጁን ከአያቱ ጎን አስቀምጡት፣ እርስዎ ልጅ እያሉ የነበረው ጥምቀት ላይ ምን ለበሱ፣ ማን ሰጠዎት፣ ማን ጋር ተጣሉ ብሎ ይጠይቅ፣ እንዴት ነበር የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይተው፣ ለሱ መልሱ ጥሩ ነበር ነው በቃ ያልቃል። ምንጃር ያላችሁማ ኢራንቡቲ ላይ የሚከበረው ጥምቀት አጠገባችሁ ነው፣ ልጁ ሰልፉን ሁሉ ሳይሆን አንድ ሰው መርጦ ሲከተል ይዋልና ስለዛ ሰው ብቻ ይጻፍ። እንቆቅልሽም አለ፣ ከበዓሉ እቃ አንዱን፣ ከበሮውን ወይ ጅራፉን ወይ ችቦውን፣ ስሙን ሳይጠሩ እንቆቅልሽ አድርገው ይጻፉትና ምሽት ላይ ምን አውቅልህ ተባባሉበት፣ ያላወቀ አገር ይስጥ። ትልቅ ልጅ ካላችሁ ደሞ ሰአት ወስኑለት፣ የዋዜማውን ከምሽቱ 2 ሰአት እስከ 4 ሰአት ያለውን ብቻ ጻፍ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ከሶስት አይበልጥ። ሰፊ ሲሆንባቸው ነው በድምቀት ተከበረ የሚሉት።

ምዝገባ ትምህርት እንደተዘጋ ነው የሚጀምረው፣ ቦታው ቶሎ ይሞላል በተለይ የትናንሾቹ፣ ከ7 አመት በታች አይቀበሉም። የጉርምስና እድሜ ያለው ልጅ አልሄድም ቢላችሁ አታስገድዱት፣ የገበያው ሳምንት መቼ እንደሆነ ጠይቁና በዛ ቀን ይጀምር በሉ። ወፍራም ሹራብ፣ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ካለ ጓንት፣ ደብተሩን ደሞ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ላኩ፣ የኔዋ የቡሄ ግጥም ግማሹ በዝናብ ጠፍቶ ከቃሏ ነው መልሰን የጻፍነው።